«ለአዮዲን አለርጂ» የተባሉት አባትና 58 መልሶች

ባለፈው ሳምንት የድሬና የሐረር ልጆች በምንሰበሰብበት መድረክ ላይ አንድ ክር ተከፍቶ እስከ 58 መልስ ሄደ። እኛ ቤት እንዲህ የሚረዝመው የውሃ መጥፋት ወሬ ብቻ ነበር። መድረኩን ከሚጠብቁት ሦስት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ 58ቱንም አንብቤያለሁ። አራቱን ደብቄያለሁ። አንዱን ደግሞ ራሴ ጽፌ አፍሬበታለሁ፤ እሱን አልደበቅኩትም። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ ስላስቸገሩኝ፣ እንደገባኝ ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ግማሹ የሰው ገመና ነው፤ ግማሹ ደግሞ እዚህ የማይጻፍ ስድብ ነው።

ክሩን የከፈተው የሳቢያን ልጅ ነው። አባቱ 68 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው። ስኳር አለባቸው። ዓርብ ዓርብ መስጊድ ሲሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ ባታቸውን እየያዛቸው ይቆማሉ፤ ትንሽ አርፈው ይቀጥላሉ። ግራ እግራቸው አውራ ጣት ላይ የወጣች ቁስል አምስት ሳምንት ሆኗት አልድን ብላለች። ሐኪሙ የእግራቸውን ትርታ በጣቱ ቢፈልግ ሊያገኘው አልቻለም። የደም ሥራቸው በሲቲ ስካን፣ በክንድ መድኃኒት እየተሰጠ እንዲነሳ አዘዘ። ምርመራ ቤት ሄዱ፤ ተራቸው ደረሰ፤ አለርጂ አለብዎት ወይ ተብለው ተጠየቁ። አባት ከኪሳቸው አንዲት ቢጫ የሆነች ወረቀት አወጡ። ላይዋ ላይ ለአዮዲን አለርጂ የሚል ብቻ ተጽፎባታል። ሌላ ምንም የለም። ባለሙያዎቹ አይተው መለሷቸው። ልጁ የጠየቀው ይህንን ነው፦ አዮዲን የማይስማማው ሰው የደም ሥሩ የሚታይበት ሌላ መንገድ አለ ወይስ አባቴን ይዤ አዲስ አበባ ልሂድ?

1ኛው መልስ ዱዓ ነበር። 2ኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ሲሆን፣ ድሬ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ዛሬውኑ ተሳፈሩ የሚል ነው። ይህ ሰው ስለ ጥርስም ሲጠየቅ እንዲሁ ነው የሚመልሰው።

3ኛው እኔ ነኝ። አዮዲን ያለው ባሕር ውስጥ ነው ብዬ አባትየው ዓሣ እንዳይነኩ መከርኩ። የት እንደሰማሁት እንኳ አላውቅም። ግን እርግጠኛ ሆኜ ነው የጻፍኩት።

4ኛዋ ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትኖር ሴት ናት። አክስቷም እንዲህ ያለ ወረቀት እንደነበራቸው፣ እግራቸው በዶፕለር አልትራሳውንድ እንደታየና ምንም መርፌ እንዳልተወጉ በሁለት መስመር ነገረችን። ማንም ልብ አላላትም። እኔም አላልኳትም። ይህቺን መልስ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

5ኛው ሐረር ፋርማሲ ያለው ሰው ነው። የመጣው በቀጥታ ወደ እኔ ነው። ለዓሣ አለርጂ የሚሆነው ሰው የሚቆጣው ለዓሣው ፕሮቲን እንጂ ለአዮዲኑ አይደለም አለ። የሽሪምፕም እንደዚያው ነው። አዮዲን ሰውነት ራሱ የሚፈልገው ነገር ነው፤ አንገታችን ላይ ያለው ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ቀጥሎ የጻፈው ነገር አፌን አስያዘኝ። ከአፍዴራ መጥቶ ወጣችን ውስጥ የሚገባው ጨው አዮዲን የተጨመረበት ነው። እኚህ አባት ለአዮዲን አለርጂ ቢሆኑ ኖሮ በየቀኑ ምሳ ላይ ይወድቁ ነበር ማለቱ ነው። ታዲያ ወረቀቱ ውሸት ነው? አይደለም። ሰውነታቸው የተቆጣው አዮዲኑን ለተሸከመው መድኃኒት፣ ለሙሉው ውህድ ነው። አዮዲን እዚያ የገባው ከባድ አቶም ስለሆነና ራጅ ስለሚያስቆም ነው፤ ደም ሥሩ በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሲጨርስ ሳያውቁ ስለሚመክሩ ሰዎች አንድ ነገር ጨመረ። ተገቢ ነበር፤ ትንሽ ረዘመ እንጂ።

6ኛው ታዲያ ቁስሉ ላይ ቤታዲን፣ ያ አዮዲን ያለበት የቁስል ማጽጃ፣ ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀ። ፋርማሲው ቤታዲን ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከሲቲው መድኃኒት ጋር አይገናኝም ብሎ በአጭሩ አለፈው።

7ኛዋ ሐረር የምትሠራ ራዲዮግራፈር ናት። ለእኔ የክሩ ዋና መልስ የእሷ ነው። መልስ ካልነው ነው እንጂ አምስት ጥያቄ ነው የጻፈችው። ያን ቀን የተሰጣቸው መድኃኒት ስሙ ማን ነበር? ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ከተወጉ ስንት ደቂቃ በኋላ ጀመራቸው? ምን ምን ሆኑ? በምን ታከሙ? መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነት የሚሞቀው፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚለው፣ የሚያቅለሸልሸው አለርጂ አይደለም አለች። እንዲህ ብቻ ሆነው አለርጂ ተብለው ወረቀት የተሰጣቸው ብዙ ሰዎች አግኝታለች። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የትንፋሽ ማጠር ከሆነ ግን ቀልድ የለም።

8ኛው ሰው ልጁ ተጨንቆ እርዳታ ሲጠይቅ ፖሊስ ጣቢያ እንዳለ ትመረምሪዋለሽ ብሎ ተቆጣት። እሷ አልመለሰችለትም። ልጁም መድረኩን ዘግቶ ወደ አባቱ ሄደ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ በ9ኛው መልስ ተመለሰ። ነገሩ የሆነው በ1998 ነው። አባትየው የኩላሊት ጠጠር ተብለው፣ በክንዳቸው መድኃኒት ተወግተው የኩላሊት ራጅ ሊነሱ ነበር። የት እንደሆነ ልጁ አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ደረታቸው ማሳከክ ጀመረ። ሆዳቸውና ጀርባቸው ሽፍታ ለበሰ። ዓይናቸው አብጦ ተከደነ። ድምፃቸው ጎረነነ። ሐኪም ተጠርቶ ጭናቸው ላይ መርፌ ተወጉ፤ ማታ ወደ ቤት ገቡ። የመድኃኒቱን ስም የነገራቸው የለም። ሲወጡ ያቺን ወረቀት ያዙ። በቃ፣ 19 ዓመት ኪሳቸው ውስጥ ኖረች።

10ኛው መልስ የራዲዮግራፈሯ ነው። ይህ እውነተኛው አለርጂ ነው፣ መመለሳቸው ልክ ነው አለች። ግን በ1998 ብዙ ቦታ ይሠራበት የነበረው የድሮው ዓይነት ኮንትራስት (ደም ሥሩን በፎቶ የሚያሳየው የሚወጋው መድኃኒት) እንደሆነና ዛሬ ያለው ሌላ ትውልድ መሆኑንም አከለች። ፋርማሲው በ11ኛው ቁጥር ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓን ውስጥ የታተመና 337,647 ምርመራዎችን የቆጠረ ጥናት ነው። በድሮው መድኃኒት ከተወጉት 12.66 በመቶው አንድ ነገር ሆነዋል፤ በአዲሱ 3.13 በመቶ። ከባድ የሚባለው ደግሞ በድሮው 0.22 በመቶ፣ በአዲሱ 0.04 በመቶ ነው። ይህም ከ10,000 ሰው 22 የነበረው ወደ 4 ወረደ ማለት ነው።

12ኛው ሰው እዚህ ላይ ፈነዳ። ከአራቱ አንዱ የአንተ አባት ቢሆኑ ይህን በመቶኛ ታስብ ነበር ወይ አለ። ፋርማሲው እኔ የተወጉ አላልኩም ብሎ ተከላከለ። እውነቱን ነው፤ አላለም። ግን 12ኛውንም ይገባኛል። ቀድሞ አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰው ከማንኛውም መንገደኛ ጋር እኩል አይደለም። የጥናቱ ቁጥር ደግሞ የሁሉም ሰው ነው።

13ኛው መልስ ላይ አንድ ልጅ መፍትሔ አለ ብሎ መጣ። ከምርመራው 13 ሰዓት፣ 7 ሰዓትና 1 ሰዓት በፊት ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ይዋጣል፤ መጨረሻ ላይ የአለርጂ መድኃኒት ይጨመርበታል። ይህ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ ሆስፒታሎች የሚያውቁት አሠራር ነው። ልጁ ግን ሚሊግራሙን ሁሉ ጽፎ፣ ከፋርማሲ ገዝተው ቤት ይዋጡ አለ። መጠኑን ደበቅኩት። በውስጥ መስመር ሰደበኝ። ይሁን።

ከዚራ ያሉት ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው፣ በ14ኛው መልስ ልጁን ቀጡት። ስኳር ላለባቸው ሰው ያን ያህል ስቴሮይድ ማለት ስኳራቸውን ጣሪያ ማስነካት ነው፤ እግራቸው ላይ የተከፈተ ቁስል ይዘው! ሲስተር ሲቆጡ እንኳ ልጄ ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ያ ነው የሚያስፈራው። 15ኛው መልስ የዶክተሩ ነው፤ ድሬ ተወልዶ አሁን ሌላ ክልል የሚሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም። ፕሬድኒሶሎኑ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም አለ። ውጠውም የሚቆጣቸው ሰዎች አሉ። የቀድሞው መድኃኒት ስሙ ከታወቀ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ራሱ ብዙ ይረዳል፤ እዚህ ግን ስሙ የለም። የግድ የሚደረግ ከሆነ አድሬናሊን አጠገቡ የተዘጋጀ፣ መርፌውን ወግቶ የማይሸሽ ባለሙያ ያለበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ግን ሌላ መንገድ ይታይ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ባቡር ጋራዡ ሄደ። 16ኛው ሰው አባትየው የትኛው ክፍል ይሠሩ እንደነበር ጠየቀ። ልጁ መለሰ። ወዲያው ሦስት ሰው አወቃቸው። አንዱ ብየዳ ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። 18ኛው ባቡሩ ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው ብሎ ታሪክ ጀመረ፤ 19ኛው ከሐዲዱ በፊት ድሬ የሚባል ከተማ አልነበረም ሲል 20ኛው ተናደደ። ልቆርጠው አስቤ ተውኩት። ሰው አባቱ የሚታወቁ መሆናቸውን ሲያይ ትንሽ ይጽናናል።

21ኛው መልስ ሁላችንንም ያስደነገጠ ነው። ውጭ አገር የራዲዮሎጂ ትምህርት ላይ ያለ የገንደ ቆሬ ልጅ ነው። በአዮዲን ፋንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ደም ሥር ውስጥ ተለቆ ፎቶ ይነሳል አለ። 22ኛው ሰው አምቦ ውሃ በመርፌ ልንወጋቸው ነው ወይ ብሎ ሳቀ። 23ኛዋ አልሳቀችም። አየር ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ሰው እንደሚገድል ሕፃን ልጅ ያውቃል፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ይታገድልን ብላ ለእኔ አቤት አለች።

አላገድኩም። 24ኛውን ጠበቅኩ፤ ደግሞም ጥሩ አድርጎ ጻፈው። አየር የሚገድለው አብዛኛው ናይትሮጅን ስለሆነና ደም ውስጥ ቶሎ ስለማይሟሟ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኦክስጅን 20 እጥፍ ገደማ ይሟሟል። ሰውነታችን ራሱ ሲያመርተው ይውላል፤ ሳንባ ያወጣዋል። ጋዙ በካቴተር፣ ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ሲገባ ደሙን ለቅጽበት ገፋ አድርጎ ቦታውን ይይዛል። ማሽኑ ከዚያ በፊት የተነሳውን ፎቶ ከኋላኛው ላይ ይቀንሰውና የደም ሥሩ ቅርጽ ይቀራል። አለርጂ የለውም፤ ኩላሊትም አይጎዳም። የተጀመረውም በስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ሆኪንስ የሚባል ራዲዮሎጂስት ሳያስበው የሆድ ደም ቅዳ ውስጥ ተራ አየር አስገባ። ታካሚው ምንም አልሆነም፤ ደም ሥሩ ግን ጥርት ብሎ ታየ። ከዚያ አየሩን ትቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሄደ።

ግን ልክ አለው። ከድያፍራም በታች ላሉት ደም ቅዳዎች፣ ለሆድና ለእግር ነው። ወደ አንጎልና ወደ ልብ ሊሄድ በሚችል ደም ቅዳ አይደረግም፤ እዚያ ጋዙ ራሱ ጉዳት ያደርሳል። ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወርድም ምስሉ ይደበዝዛል። ታካሚው እግሩን ሊያመው ይችላል።

25ኛው፣ የጎማ ቤት ኮምፕረሰር አለኝ፣ ኑ የሚል ቀልድ ነው። 26ኛው ያው የገንደ ቆሬው ልጅ ነው፤ ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ወስዶ በድንጋጤ መለሰ። ጋዙ ለሕክምና የተጣራ መሆን አለበት፣ ትንሽ ተራ አየር ከተቀላቀለበት ራሱ አደጋ ነው፣ ስለዚህ በተዘጋ ዕቃ ነው የሚሰጠው። የሚሠራውም ካቴተር የሚገባበት ክፍልና ለዚህ የሠለጠነ እጅ ባለበት ነው። 27ኛው የልጁ የሳቢያኑ ነው። ትንሽ ተስፋ የቆረጠ መሰለኝ። አንድ ከሰል የማይነድበት ምድጃ አሳያችሁኝ ዓይነት ነገር ጻፈ፤ ጥሩ ነው፣ ግን የት አለ ማለቱ ነው።

28ኛው ሰው ተናድዶ፣ ለምን ከአዮዲን ሌላ ነገር አይፈጠርም፣ ዓለም ሁሉ አንድ መድኃኒት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል ወይ አለ። ፋርማሲው ተፈጥሮ ነበር አለው። እ.ኤ.አ. በ1927 ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋሽ ሞኒሽ በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ደም ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ የተጠቀመው አዮዲን ያለበት ጨው ነበር። በ1930ዎቹ ቶሪየም ያለበት ቶሮትራስት የሚባል መጣ። ምስሉ የሚያምር፣ ሲወጉትም ምንም የማያሳክክ። ችግሩ ጨረር ያለው መሆኑና ከጉበት አለመውጣቱ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የተወጉት ሰዎች ጉበት ላይ ካንሰር ወጣ። 28ኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

30ኛው ኤምአርአይ ያለ መርፌ ደም ሥር ያሳያል ብሎ ነገሩን መልሶ መንገድ አስያዘው። ልክ ነው፤ ማግኔቱ የሚፈሰውን ደም ከቆመው ሥጋ ይለየዋል። ከፈለጉ ደግሞ ጋዶሊኒየም የሚባል፣ አዮዲን የሌለበት መድኃኒት ይጨመራል። ሁላችንም ተደሰትን። ያኔ ራዲዮግራፈሯ በ31ኛው መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ መጣች፦ ጋራዥ ሲሠሩ ብረት ዓይናቸው ገብቶ ያውቃል?

እኔ ይህን ጥያቄ እስክሞት አላስበውም ነበር። ግራይንደር ሲያፏጭ የሚፈናጠር ብናኝ ዓይን ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ማግኔቱ ሊያንቀሳቅሰውና ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። 32ኛው መልስ ላይ ልጁ አባቱን ጠይቆ መጣ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ገብቷል። ሁለቱን ሐኪም አውጥቶታል። ሦስተኛውን የሥራ ባልደረባቸው በክብሪት እንጨት። ከዚያ ጋራዡን የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ የክብሪት እንጨቱን ሰው ማንነት ለማወቅ ተሯሯጡ። ራዲዮግራፈሯ በመጀመሪያ የዓይን ራጅ ይነሱ፣ ንጹሕ ከሆነ ይገባሉ ብላ ዘጋችው።

33ኛው ፋርማሲው ነው፤ ስለ ጋዶሊኒየም። ኩላሊታቸው ክፉኛ የደከመ ሰዎች በዚህ መድኃኒት ምክንያት ቆዳቸው እየጠጠረ እንደ እንጨት የሚሆንበት በሽታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች የታዩት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘው ግን በ2006 ነው። ዛሬ በብዛት የሚመረጡት ዓይነቶች ከዚህ አንጻር አደጋቸው በጣም ትንሽ ነው። ቢሆንም ስኳርና የኩላሊት ጠጠር ታሪክ ላላቸው ሰው ክሪያቲኒን፣ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ሳይለካ አይወጋም። ለእሱም አለርጂ የሚሆን ሰው አለ፤ ከአዮዲኑ ያነሰ ነው እንጂ።

35ኛው ላይ የሐረሯ ሴት ተመለሰች። አቦ እኔ እኮ በ4ኛው ነግሬያችሁ ነበር ነው ነገሩ። እናንተ ፍሎሪዳ ድረስ ሄዳችሁ፣ ጋዝ ነፋችሁ፣ ጉበት ቆረጣችሁ፤ አልትራሳውንድ እዚሁ ሐረር አለ፣ ድሬም አለ። ቆጣ ብላ ነበር። እውነቷን ነው። ዶክተሩ በ36ኛው ይቅርታ ጠይቆ ደገፋት። ቀድሞም መጀመር የነበረበት ከዚያ ነበር አለ። እንዲያውም ከዚያም በፊት የደም ግፊት መለኪያ ይበቃል። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ይካፈላል። 0.9 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እግሩ ደም እያነሰው ነው። ሲስተር በ37ኛው፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደም ሥራቸው እንደ ቧንቧ ስለሚደርቅ ቁጥሩ ሐሰተኛ ሆኖ ከ1.4 በላይ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ ብለው አስተካከሉት። እንዲህ ሲሆን የአውራ ጣቱ ግፊት ይለካል።

ዶፕለሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1842 ነገሩን ከገለጸው ኦስትሪያዊ ነው። ድምፁ ከሚሮጠው ደም ላይ ነጥሮ ሲመለስ ቃናው ይቀየራል፤ ባቡር ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፈን ድምፁ እንደሚወርደው። ይህን ምሳሌ ያመጣው የጋራዡ ብየዳ ተማሪ ነው፤ ሳላመሰግነው ማለፍ አልፈልግም። ድክመቱ የሠሪው እጅ ነው። ሁለት እግር በደንብ ለማየት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ወረፋ የበዛበት ቦታ አሥር ደቂቃ ሰጥተው ያስነሱሃል። ኖራ የያዘ ደም ሥርም ከበስተጀርባው ጥላ ይጥላል።

ከ38 እስከ 42 ያለውን ባታነቡት ይሻላል። አንዱ ሲቲው የታዘዘው ለገንዘብ ነው ብሎ ጀመረ። ሌላው ሐኪሞችን በጅምላ ሰደበ። አንዱ ደግሞ ቁስሉ በፈላ ውሃና በጨው ይዘፈዘፍ አለ፤ ሲስተር እዚህ ላይ ልጄ ማለት እንኳ ረሱ። ስኳር ያደነዘዘው እግር ሙቀቱን አያውቀውም፣ ቆዳው ተልጦ ነው የሚነቁት። ሦስቱን ደበቅኩ።

43ኛው መልስ የተጻፈው ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ነው። አባትየው ዶፕለር ተነሥተዋል። ጭናቸው ውስጥ ያለው ዋናው ደም ቅዳ ረዘም ያለ ቦታ ላይ ተዘግቷል። ከጉልበት በታች ያሉት ግን ከኖራው የተነሳ በደንብ አልታዩም። ቀዶ ሐኪሙ ከመንካቱ በፊት የታችኛውን ማየት ፈለገ። ክሪያቲኒናቸው ደህና ነው። የዓይን ራጃቸው ንጹሕ ነው፤ የክብሪት እንጨቱ ሰው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ማለት ነው። ዶክተሩ፣ ቁስል ያለበት እግር ጊዜ አይሰጥም፣ በዚህ ሳምንት አስጨርስ አለው።

መሐል ላይ አንዲት ሴት እናቷ እንቅርት እንዳለባቸው፣ እሳቸውም ሲቲ ይፈሩ እንደሆነ ጠየቀች። የራሱ ክር የሚገባው ጥያቄ ነው። ዶክተሩ ያ አለርጂ ሳይሆን ዕጢው ብዙ አዮዲን በአንድ ጊዜ ሲገባለት የሚያመጣው ጣጣ ነው፣ ቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ ብሎ አለፈ።

51ኛው ላይ ኤምአርአዩ በጋዶሊኒየም ተሠራ። አባት ማሽኑ ውስጥ ሆነው ድምፁ እንደ ጋራዡ ነው ብለው ሳቁ ይላል ልጁ። ምንም አላሳከካቸውም። ከጉልበት በታች ካሉት ሦስት ደም ቅዳዎች ሁለቱ እስከ ታች ክፍት ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ ደስ ብሎታል፤ ቀጠሮ ተይዟል። 2ኛው ሰውዬ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባችሁ ብሎ አሁንም ጻፈ።

52ኛዋ ራዲዮግራፈሯ ናት። ያቺን ቢጫ ወረቀት ቅደዱልኝ አለች። በምትኩ በ1998 ለኩላሊት ራጅ በተሰጠ፣ ስሙ ባልታወቀ አዮዲን ያለው ኮንትራስት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሽፍታ፣ የዓይን እብጠትና የድምፅ መጎርነን፣ በመርፌ ታክመው በዚያው ቀን የወጡ ተብሎ ይጻፍ። ከሥሩ ደግሞ ዘንድሮ ጋዶሊኒየም ተስማምቷቸዋል ይባል፤ ከነሙሉ ስሙ። ልጁ አዲሱን ወረቀት ጽፎ አሳየን። አሮጌውን ግን አባቱ አልቀድም ብለዋል፤ ለምደዋታል።

ከዚያ ምስጋናና ዱዓ ነው እስከ 57። 58ኛው መልስ ለእኔ የተጻፈ ነው። አባትየው የክሩን መጀመሪያ ልጃቸው ሲያነብላቸው ሰምተዋል። በ1998 ከዚያ ክፍል ሲወጡ አንድ ሰው ልክ እንደ እኔ አድርጎ መክሯቸው ነበር። ዓሣ ከቀመሱ 19 ዓመታቸው ነው። ድሮ በባቡር ከጅቡቲ ይመጣ የነበረውን አሁንም በስሙ ይጠሩታል። አሁን ፋርማሲው ፈቅዶልኛል፣ የከለከለኝ ይግዛልኝ ብለዋል። ቅዳሜ ሳቢያን እሄዳለሁ። ዓሣ በደህና ዋጋ የሚገኝበትን የሚያውቅ 59ኛው መልስ ላይ ይጻፍልኝ።